ሞላ ማጥበቅ የዘይት ግፊት አይፈጥርም፦ ስለ ሮተሪ የአውሮፕላን ሞተር ከባሕር ዳር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ነው። ጠያቂው ወጣት ቴክኒሻን ሲሆኑ፣ ከአራት ጓደኞቻቸው ጋር ከመኪና የወረደ ባለ ሁለት ሮተር (በፒስተን ፋንታ የሚሽከረከር ክፍል) የማዝዳ 13ቢ ሮተሪ ሞተር አግኝተው፣ ወደፊት ለባለ ሁለት መቀመጫ አነስተኛ አውሮፕላን እንዲሆናቸው ፕሮፔለር ገጥመው በብረት ማቆሚያ ላይ እየሞከሩት ነው። የጻፉት እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ማለዳ ስናስነሳው የዘይት ግፊቱ 7 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ይደርሳል። ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ግን በደቂቃ በ5,500 ዙር 3.4 ባር ብቻ ያሳየናል፤ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ደግሞ ከ1 ባር በታች ይወርዳል። የምንጠቀመው 10 ደብሊው 40 ዘይት ነው። ከዋናው የዘይት መስመር 6 ሚሊ ሜትር ቱቦ ወደ ዙር መቀነሻው ማርሽ ሳጥን ዘርግተናል። ከግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ ሞላ ሥር ሮንዴላ ጨምረን ብናጠብቀው ችግሩ ይፈታ ይሆን? ስንት ሚሊ ሜትርስ ይበቃል? አንድ ወዳጃችን ደግሞ የጥንቶቹ ሮተሪ የአውሮፕላን ሞተሮች ጭራሽ የዘይት ግፊት መቆጣጠሪያ አልነበራቸውም ብሎናል፤ እውነት ነው?»

መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላስረዳ። ሮንዴላውን አሁን አይጨምሩ። በጻፉልኝ ቁጥሮች መሠረት ሞላውን ማጥበቅ ሞተሩ ሲሞቅ የሚታየውን 3.4 ባር ከፍ የማድረግ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው፤ በብርድ የሚታየውን 7 ባር ግን ከዚያም በላይ ሊያወጣው ይችላል። የሚጎዳው ጫፍ ይጨምራል፣ የቸገራችሁ ጫፍ ግን ባለበት ይቀራል ማለት ነው።

የነገሩ ሥር ያለው ፓምፑ ምን እንደሚሠራ በመረዳት ላይ ነው። የ13ቢ ዘይት ፓምፕ ከሞተሩ ፊት፣ ከፊት ሽፋኑ በስተጀርባ ተቀምጦ በኤክሰንትሪክ ሻፍቱ (ሮተሮቹ በሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) በሰንሰለት የሚነዳ፣ ውስጡ ጥርስ በጥርስ የሚሽከረከር ትሮኮይድ ፓምፕ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ፓምፕ በእያንዳንዱ ዙር የተወሰነ መጠን ያለው ዘይት ይገፋል እንጂ ግፊት የሚባል ነገር አያመርትም። ግፊት የሚፈጠረው የተገፋው ዘይት በብሮንዚናዎቹ (ዘንጉ በሚዞርባቸው ማረፊያዎች) ጠባብ ክፍተት፣ በመርጫ ቀዳዳዎቹና በቱቦዎቹ ውስጥ ለማለፍ ሲታገል ነው። የሚያልፍበት መንገድ ሰፊ ከሆነ ወይም ዘይቱ ከቀጠነ ትግሉ ይቀንሳል፣ ግፊቱም አብሮ ይወርዳል። የመቆጣጠሪያው ቫልቭ ሥራ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ግፊቱ ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ በሩን ከፍቶ ትርፉን ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) ይመልሳል። ትርፍ ከሌለ የሚመልሰው የለውም፤ በሩ ዝግ ነው።

እርስዎ ከሚኖሩበት ቦታ ምሳሌ ላንሣ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ ላይ ያለው የጨራ ጨራ ግድብ በሮች የሐይቁን ውሃ መያዝና መልቀቅ ይችላሉ፤ ነገር ግን በበጋ ውሃው ወርዶ በሮቹ ሁሉ ተዘግተው ሳለ አንድ ሰው ተነሥቶ የበሮቹን ቁመት ቢጨምር ሐይቁ ከፍ አይልም። ውሃው የሚጎድለው በሌላ በኩል ነውና። የእርስዎም ሞተር ሲሞቅ በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። በብዙዎቹ የቀድሞ 13ቢ ሞተሮች ላይ በኋለኛው የብረት ግድግዳ የሚገኘው፣ ኮፓው ሲወርድ የሚታየው መቆጣጠሪያ ቫልቭ የሚሠራው በ5 ባር ገደማ ነው። የእርስዎ ጌጅ በ5,500 ዙር 3.4 ባር ካሳየ፣ ጤነኛ ቫልቭ በዚያ ሰዓት ዝግ መሆን አለበት። የተዘጋን በር የበለጠ አጥብቆ መዝጋት ለውጥ አያመጣም። በብርድ 7 ባር የሚታየውም ቫልቩ ጠንክሮ ሳይሆን፣ ቀዝቅዞ የወፈረው ዘይት በተከፈተው በር በበቂ ፍጥነት ማለፍ ስለሚያቅተው ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ሲነበቡ የሚናገሩት ስለ ሞላው ሳይሆን ስለ ዘይቱ ውፍረትና ስለሚያመልጥበት መንገድ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይህን ፍርዴን ሊያፈርሰው ይችላል፤ ፕለንጀሩ (በቫልቩ ውስጥ የሚንሸራተተው በር) በቆሻሻ ወይም በጭረት ምክንያት በከፊል ተከፍቶ ተይዞ ከሆነ ወይም ሞላው ደክሞ ከሆነ። ይህን የሚለይ ፈተና አለ፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ሮንዴላ ምን እንደሚያደርግ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ለምሳሌ ያህል የፕለንጀሩ ስፋት 12 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። የፊቱ ስፋት 113 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በ5 ባር ግፊት ዘይቱ በ56 ኒውተን ገደማ ይገፋዋል፣ ሞላውም ይህን ያህል መቋቋም አለበት። ሞላው በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 8 ኒውተን የሚጨምር ከሆነ፣ የ1 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ የመክፈቻውን ልክ በ0.7 ባር ከፍ ያደርገዋል፤ ከ5 ወደ 5.7 ማለት ነው። ይህ የተከፈተበት ልክ ነው እንጂ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት አይደለም። ከዚህም ሌላ አደጋ አለ፤ ሮንዴላ ሲበዛ ሞላው ሙሉ በሙሉ ተጨምቆ ጥቅልሎቹ እርስ በርስ ይነካካሉ፣ ፕለንጀሩም ቀዳዳውን ሳይከፍት በፊት ይቆማል። ያን ጊዜ መቆጣጠሪያ የሚባል ነገር የለም፤ በማለዳ ብርድ የሚፈጠረው ግፊት ሁሉ በፊልትሮው፣ በማቀዝቀዣውና በቱቦዎቹ ላይ ያርፋል።

ሮንዴላ የመጨመር ሐሳብ ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። በላይካሚንግ የፒስተን ሞተሮች ላይ ከግፊት ቫልቩ ሞላ ሥር ሮንዴላ መጨመርና መቀነስ በፋብሪካው መመሪያ የተፈቀደ የማስተካከያ መንገድ ነው፤ እኔም ለብዙ ዓመታት ሠርቼበታለሁ። ግን እዚያም ቢሆን ቅድመ ሁኔታ አለው። ገና ልምዴ አጭር በነበረበት ጊዜ አንድ ሞተር ሲሞቅ ግፊቱ እየወረደ መጣ። አንድ ሮንዴላ ጨመርሁ፣ ጌጁ አልተነቃነቀም። ሁለተኛ ጨመርሁ፣ አሁንም ሲሞቅ ያው ነው፤ በማግስቱ ማለዳ ግን መርፌው ቀዩን መስመር አልፎ ወጣ። በመጨረሻ ፊልትሮውን አውርጄ በመቁረጫ ከፈትሁትና ወረቀቱን እጥፋት በእጥፋት ዘርግቼ በፀሐይ ብርሃን አየሁት። በእጥፋቶቹ መካከል የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት የመሰሉ፣ ስስና የሚያብረቀርቁ የብሮንዚና ልጣጮች ተቀምጠው ነበር። ሞተሩ ለሁለት ሳምንት ያህል በጌጁ አማካይነት ሲናገር የነበረውን እኔ በሮንዴላ ዝም ላሰኘው ስሞክር ነበር። ያ ሞተር ያለ ሙሉ ጥገና ዳግመኛ አልበረረም። ሮንዴላ ይዞ የሚመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ፊልትሮውን ቆርጦ እንዲያሳየኝ የምጠይቀው ከዚያ ወዲህ ነው፤ እርስዎንም እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ ፈተናው። አንድ እውነተኛ ሜካኒካል ጌጅ ከፊልትሮው በኋላ ባለው ዋናው የዘይት መስመር ላይ ይግጠሙ፤ ከማቀዝቀዣው በፊት የተገጠመ ጌጅ በማቀዝቀዣውና በፊልትሮው ውስጥ የሚጠፋውን ግፊት ስለማያይ ያታልላል። የዘይቱን ሙቀት ከኮፓው ሳይሆን ወደ ሞተሩ ከሚገባበት መስመር ይለኩ። ከዚያም ሙቀቱን በ80 ዲግሪ አካባቢ ጠብቀው ይዘው፣ በ1,500፣ በ2,500፣ በ3,500፣ በ4,500 እና በ5,500 ዙር ግፊቱን ይመዝግቡና በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ያስቀምጡት። መስመሩ ከዙሩ ጋር እየወጣ ሄዶ በ5 ባር አካባቢ ጎንበስ ብሎ ከተስተካከለ፣ ቫልቩም ፓምፑም ሥራቸውን እየሠሩ ናቸው፤ የቸገራችሁ ሙቀት ብቻ ነው። እስከ 5,500 ድረስ እየወጣ ሄዶ የትም ቦታ ካልጎበጠ፣ ቫልቩ ጭራሽ አልተከፈተም፤ ዘይቱ በሌላ በኩል እያመለጠ ነው። በ2,500 ዙር አካባቢ ቀድሞ ጎብጦ በ3 ባር ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ያን ጊዜ ጥፋቱ የቫልቩ ነው፤ ሞላው ደክሟል ወይም ፕለንጀሩ ተይዟል። አምስት ነጥቦች ናቸው፤ ከማንኛውም ግምት ይበልጣሉ።

ፈተናው ወደ ሁለተኛው ዓይነት መስመር እንደሚወስድዎ እጠብቃለሁ፤ ምክንያቱም በጥያቄዎ መካከል እንደ ቀላል ነገር የጠቀሱት የ6 ሚሊ ሜትር ቱቦ ዓይኔን ይዞታል። ዙር መቀነሻው ዘይት እንደሚያስፈልገው ጥርጥር የለውም። ፕሮፔለሩን በ2,700 ዙር አካባቢ ለማዞር ሞተሩ 5,800 ያህል ሲዞር፣ 2.17 ለ 1 የሚቀንሰው ማርሽ ትልቅ ጭነት ይሸከማል። የሚያስፈልገው ዘይት ግን ጥቂት ነው። ከመስመሩ አፍ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ማጥበቢያ ቢቀመጥ፣ በ4 ባር ግፊት በደቂቃ 1 ሊትር የማይሞላ ዘይት ያሳልፋል። ይህ ለማርሹ በቂ ካልሆነ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢያደርጉት መጠኑ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። የእርስዎ ቱቦ ግን ማጥበቢያ ከሌለው የመተላለፊያው ስፋት ከ1 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ 36 ጊዜ ይበልጣል፤ ፍሰቱን የሚገድበው ማርሽ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ብዙ ላይሆን ይችላል። ቱቦውን ለጊዜው ነቅለው፣ አፉን በጥሩ ቡሎን ደፍነው፣ ማርሽ ሳጥኑን ከራሱ ዘይት ጋር ያለ ጭነት በዝቅተኛ ዙር ለአጭር ጊዜ ብቻ እያዞሩ የሚኒሞውን ግፊት ይመልከቱ። ግፊቱ ወዲያው ከ1 ባር በላይ ከዘለለ መልሱን አገኙት። ከፍ ባለ ዙር ይህን ፈተና አይሞክሩ፤ ማርሹ ያለ ዘይት ይቃጠላል።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ሙቀት ነው። የብሮንዚና ክፍተት የሚያሳልፈው ዘይት ከዘይቱ ውፍረት ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል፤ ዘይት ደግሞ ከ40 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ውፍረቱ ከአንድ ሰባተኛ እስከ አንድ አሥረኛ ድረስ ይወርዳል። በመሞከሪያ ማቆሚያ ላይ ይህ ከአየር ላይ የባሰ ይሆናል። ብዙ ሰው የዘይት ማቀዝቀዣውን ከፕሮፔለሩ መሐል በስተኋላ ያስቀምጠዋል፤ ነፋሱ ሁሉ ከዚያ የሚመጣ ይመስለዋል። እጅዎን ሳይሆን በረጅም እንጨት ጫፍ የታሰረ ክር ይዘው በሩቁ ቢፈትኑት፣ ከመሐሉ አጠገብ ክሩ እምብዛም እንደማይንቀሳቀስ ያያሉ፤ ጠንካራው ነፋስ ወደ ፕሮፔለሩ ጫፍ ከሚጠጋው ክፍል ነው የሚነሣው። ስለዚህ ማቀዝቀዣውን ወደ ውጭ ያውጡት፣ በሚገባ የተዘጋ የአየር መግቢያ ሳጥንም ይሥሩለት፤ አየር በጎን የሚያመልጥበት ክፍተት ካለ በማቀዝቀዣው ውስጥ ሳይሆን በዚያ ያልፋል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ አገር አየር አራት አምስተኛው ነው፣ የሚወስደውም ሙቀት በዚያው ልክ ይቀንሳል። በእርግጥ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ኃይሉም በዚያው ስለሚቀንስ ነገሩ በከፊል ይካካሳል፤ ተርቦ ካለው ግን አይካካስም፣ ማቀዝቀዣው ሰፋ ብሎ መመረጥ አለበት።

ስለ ዘይቱ ዓይነት አጭር ልበል። 10 ደብሊው 40 ለመኪና ጥሩ ነው። ነገር ግን መኪና በመንገድ ላይ ከሞተሩ ኃይል ትንሽ ክፍል ብቻ ሲጠቀም፣ አውሮፕላን ከተነሣ በኋላ 75 በመቶውን ለሰዓታት ይጠይቃል። በእርስዎ የአየር ጠባይ 20 ደብሊው 50 የተሻለ ይመስለኛል፤ በ100 ዲግሪ ያለው ውፍረት ከ40ው አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፣ የባሕር ዳርም ማለዳ ለዚህ ዘይት የሚከብድ ብርድ የለውም። ነገር ግን ወፍራም ዘይት የተበላ ብሮንዚናን መደበቂያ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። በብሮንዚና የሚያመልጠው ዘይት ከክፍተቱ ኪዩብ (ክፍተቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ከሚሰጠው ቁጥር) ጋር ይጨምራል፤ ክፍተቱ ከ0.05 ወደ 0.06 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ፣ ዓይን የማያየው ልዩነት ነው፣ የሚያመልጠው ዘይት ግን ከ70 በመቶ በላይ ይጨምራል።

ከፒስተን ሞተር ወደ ሮተሪ የመጡ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምፈራው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። በፒስተን ሞተር ግፊቱ ጥቂት ቢወርድ በዋናነት የሚሠጋው ለብሮንዚና ነው። በ13ቢ ግን ዘይቱ ሮተሮቹን ከውስጥ የሚያቀዘቅዝ ነው። በኤክሰንትሪክ ሻፍቱ ውስጥ የተቦረቦሩ መንገዶች ዘይቱን ወደ መርጫዎች ያደርሳሉ፤ መርጫዎቹም ወደ ሮተሩ ሆድ ይረጩታል፤ ሮተሩ ሲሽከረከር ዘይቱ ግድግዳውን አጥቦ ሙቀቱን ይዞ ወደ ኮፓው ይመለሳል። በማቀዝቀዣ ከሚወገደው የሞተሩ ሙቀት ሲሶ ያህሉ የሚወጣው በዘይቱ በኩል ነው። በእያንዳንዱ መርጫ ውስጥ ደግሞ በሞላ የተያዘች ትንሽ ኳስ አለች፤ ግፊቱ ዝቅ ሲል ትዘጋለች። ፋብሪካው ይህን ያደረገው በሚኒሞ ያለው ጥቂት ዘይት ለብሮንዚና እንዲቀርና ሮተሩም በከንቱ እንዳይቀዘቅዝ ነው፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን በከፍተኛ ኃይል ላይ ሳሉ ግፊቱ ከወረደ ለሮተሮቹ የሚደርሰው ዘይት በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ በጣም ከወረደም ኳሶቹ መዘጋት ይጀምራሉ፤ ሮተሩ የበለጠ የሚሞቀው ዘይት ሲያንሰው ነው። የሮተሩ የጎን ዘይት ሲሎች (ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክሉ ክፍሎች) ሥር ያሉት የጎማ ቀለበቶች ይደርቃሉ፣ ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል ይገባል፣ ሰማያዊ ጭስ ይታያል። ያን ጊዜ ብዙዎች ጥፋቱን በሲሉ ላይ ይጥላሉ፤ ሥሩ ግን የዘይት ግፊት ነበር። አንዳንድ የውድድር ባለሙያዎች ኳሶቹን አውጥተው ቋሚ ጄት (ኳስ የሌለው መርጫ) ይተክላሉ። የእርስዎ ሞተር ከመኪና ከመውረዱ በፊት በሌላ እጅ ተከፍቶ ከሆነ ይህ መደረጉን ያጣሩ፤ ሰፊ ቋሚ ጄት በሚኒሞም ሳይቀር ዘይት ያፈሳል፣ ከ1 ባር በታች መውረድዎም በዚህ ሊሆን ይችላል።

ከሻፍቱ ፊት ጫፍ ላይ ያለውን የሙቀት ቫልቭም አይርሱት። ውስጡ ሰም ያለበት ትንሽ ቁራጭ ነው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ በፊት ጫፍ በኩል እንዲወጣ መንገድ ይከፍታል፣ ሲሞቅ ሰሙ ተነፍቶ ይዘጋዋል። ሰሙ ካረጀ አይነፋም፣ መንገዱም ሲሞቅ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ውጤቱ በብርድ ጥሩ፣ በሙቀት ደካማ ግፊት ነው። የእርስዎን መግለጫ ይመስላል። ለአውሮፕላን የሚያዘጋጁ ሰዎች ብዙዎቹ ይህን ቁራጭ አውጥተው በጠጣር ብረት ይተኩታል፤ እኔም እደግፋለሁ፣ በበረራ ላይ ሊያስቸግር የሚችል አንድ ክፍል ይቀንሳልና።

የፊት ሽፋኑ ሲወርድ ደግሞ ከፓምፑ የሚወጣው ዘይት ከሽፋኑ ወደ ብረቱ በሚሻገርበት ቀዳዳ ዙሪያ ያለችውን ትንሽ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) በጥፍርዎ ነቅለው አጉልተው ይዩዋት። አዲስ ስትሆን ክብ ናት፣ ስትጨመቅም ትመለሳለች። ያረጀችዋ ግን ጠፍጣፋ፣ ጠንካራ፣ ጠርዟ የተበላ ሆና ትገኛለች፤ በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ተሰብራ የገባችም አይቻለሁ። በዚያ በኩል የሚያመልጠው ዘይት ወደ ውጭ ስለማይፈስ ምንም ጠብታ አያዩም፤ በጸጥታ ወደ ኮፓው ይመለሳል። ዘይቱ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው የሚሻገርበትን የቁልፍ ዘንግ ቀዳዳ ኦሪንጎችም በዚያው ዓይን ይመልከቷቸው። ዋጋቸው ከአንድ ሊትር ዘይት አይበልጥም።

ኮፓው ከወረደ አይቀር የኋለኛውን መቆጣጠሪያም አውጥተው ይፈትሹት። ፕለንጀሩን በንጹሕ ዘይት አርሰው ወደ ቤቱ መልሰው አፉን ወደ ታች ሲያዘነብሉት፣ በራሱ ክብደት ለስለስ ብሎ መንሸራተት አለበት። ከተንቀረፈፈ ወይም ከተያዘ፣ ጥፍርዎን በርዝመቱ ያሳልፉበት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ያለበት ፕለንጀር በብርጭቆ ወረቀት አይድንም፣ ሙሉውን ቫልቭ ይቀይሩት። ሞላውን ተኝቶ ሳይሆን ቆሞ ይለኩት፣ ከአዲሱ ጋርም ጎን ለጎን ያስተያዩት።

የፊተኛውን ቫልቭ በተመለከተ አጭር ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከፓምፑ አጠገብ ያለው ይህ ቫልቭ የሚከፈተው ከኋለኛው እጅግ ከፍ ባለ ግፊት፣ ከ10 ባር በላይ ሲሆን ነው፤ ሥራውም በብርድ ማለዳ ፓምፑንና ማቀዝቀዣውን ከመፈንዳት ማዳን ነው። እሱን ፈጽሞ አይንኩት። በጥር ማለዳ የሐይቁ ዳር ቅዝቃዜ ገና ሳይለቅ ሞተሩን አስነሥተው ወዲያው ነዳጁን አይርገጡ፤ ዘይቱ 60 ዲግሪ እስኪደርስ ከ2,500 ዙር በታች ይቆዩ። ይህን የሚያህል ትዕግሥት ፊልትሮና የማቀዝቀዣ ስፌት ያተርፋል።

ወዳጅዎ የነገሯችሁ ስለ ጥንቶቹ ሮተሪ ሞተሮች እውነት ነው፣ ግን የሚናገሩት ስለ ሌላ ሞተር ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ኖም፣ ለሮን እና ክለርዤ የሚባሉት ሞተሮች «ሮተሪ» የተባሉት ሲሊንደሮቻቸውና መላ ሰውነታቸው ከፕሮፔለሩ ጋር አብሮ ስለሚሽከረከርና ሻፍቱ ስለሚቆም ነበር። ዘይታቸውም የጉሎ ዘይት ነበር፤ ቤንዚን በቀላሉ ስለማያቀጥነው። ያ ዘይት በሞተሩ ውስጥ አልፎ ከጭሱ ጋር ወደ ውጭ ይወጣ ነበር እንጂ ወደ ታንክ አይመለስም፤ ስለዚህ የሚቆጣጠረው ግፊት አልነበረም። አብራሪው ግፊት የሚያነብበት ጌጅ ሳይሆን፣ የፓምፑ ምት በውስጡ ሲዘልል የሚታይበት አንዲት የመስተዋት ብልቃጥ ነበረችው፤ ዝላዩ ከቆመ ዘይቱ ቆሟል ማለት ነው። እናቶቻችን ቆዳ ሲያለሰልሱበት የኖሩት ጉሎ ያን የመሰለ ታሪክ እንዳለው ብዙ ሰው አያውቅም። ከዛሬዎቹም፣ የፊሊክስ ቫንክልን ሐሳብ ከሚከተሉት መካከል፣ ለሰው አልባ አውሮፕላኖችና በራሳቸው ሞተር ለሚነሡ ተንሸራታች አውሮፕላኖች የሚሠሩት ትናንሾቹ ሮተራቸውን በአየር ያቀዘቅዛሉ፣ ዘይታቸውንም በልክ እያንጠባጠቡ ያቃጥሉታል። በእነሱ ላይ የሚለካው የዘይት ፍሰት ነው። የእርስዎ 13ቢ ግን ዘይቱን የሚያዞር፣ በግፊት የሚሠራና ሮተሩን በዘይት የሚያቀዘቅዝ ነው፤ የእነዚያን መመሪያ አይከተሉ።

ሞላ ማጥበቅ መቼም አይገባም ማለቴ አይደለም። ከላይ ያልኩት መስመር በ5 ባር በግልጽ የሚጎብጥ ሆኖ፣ ሙቀቱም ተስተካክሎ፣ ፊልትሮውም ንጹሕ ሆኖ ሳለ፣ ለረጅም ከፍተኛ ኃይል ተጨማሪ የሮተር ማቀዝቀዣ ከፈለጉ ልኩን ወደ 6 ወይም 7 ባር ከፍ ማድረግ ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ማዝዳ ራሱ በኋላ ባወጣቸው ባለ ተርቦ 13ቢ ሞተሮች ከ5 ባር ከፍ ያለ ልክ ተጠቅሟል። ያን ጊዜም በሮንዴላ ሳይሆን ለዚያ ልክ የተሠራ ሙሉ ቫልቭ ቢገጥሙ እመክራለሁ። ከዚያ በላይ መውጣት ግን ትርፍ የለውም፤ በሮተሩ ሆድ ውስጥ የሚጠራቀመው ዘይት መሽከርከሩን ያከብደዋል፣ ራሱ ዘይቱም ይሞቃል፣ በሲሎቹም በኩል ማለፍ ይጀምራል።

አየር ላይ ሲሆኑ የሚጨመሩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የኮፓው ቅርጽ ነው። በመኪና ኮፓ ውስጥ ያለ ዘይት አውሮፕላኑ አፍንጫውን ሲያነሣ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የመምጠጫው አፍ አየር ከሳበ ግፊቱ በሰከንዶች ውስጥ ይወድቃል። በማቆሚያው ላይ ሞተሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ 15 ዲግሪ ያህል አዘንብለው፣ የዘይቱን መጠን በዝቅተኛው ምልክት ላይ አድርገው ይህን መሬት ላይ ሳሉ ይፈትኑት። ሁለተኛው ከፍታ ነው። ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የከባቢ አየር ግፊት ነው፤ በ3,500 ሜትር ላይ ከባሕር ወለሉ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ይቀራል፤ የመምጠጫው ወንፊት ከቆሸሸ ወይም ዘይቱ አየር ከተቀላቀለበት ፓምፑ አረፋ ይስባል። ግፊቱ መሬት ላይ ጥሩ ሆኖ ሳለ ወደ ላይ ሲወጡ መርፌው መንቀጥቀጥ ከጀመረ መጀመሪያ የሚፈተሸው መምጠጫው ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ቢያደርጉት ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ፊልትሮውን ቆርጠው ይዩ፤ ልጣጭ ካለበት ሌላውን ሁሉ ትተው ሞተሩን ይክፈቱት። ንጹሕ ከሆነ የማርሽ ሳጥኑን ቱቦ በ1 ሚሊ ሜትር ማጥበቢያ ያጥብቡት፣ ማቀዝቀዣውን ወደ ነፋሱ ያውጡት፣ ከዚያ አምስቱን ነጥቦች በ80 ዲግሪ ይለኩ። በጌጅዎ ላይ ሁለት ምልክት በቀይ ቀለም ያድርጉ፤ አንዱን በሚኒሞ 1 ባር ላይ፣ ሌላውን ከ4,500 ዙር በላይ ለሚሠሩበት ጊዜ 4 ባር ላይ። ከሁለቱ ከአንዱ በታች ወርዶ ካገኙት ሞተሩን ያጥፉ። በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፊት ለበረራ ፈቃድ ስትቀርቡም በመጀመሪያ የምትጠየቁት እንዲህ ያለ የመለኪያ መዝገብ እንደሚሆን ገምታችሁ፣ እያንዳንዱን ቀን፣ የአየሩን ሙቀትና የዘይቱን ሙቀት ጨምራችሁ ጻፉት። አምስቱ ነጥቦች ሲደርሱኝ መስመሩን አብረን እናነበዋለን፤ ሞላው ግን እስከዚያ ባለበት ይቆይ።